ገላ ማጠብም መድኃኒት መስጠት ነው፦ «የዕለት እጥበት ለይስሙላ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በየቀኑ ስለሚደረገው የገላ እጥበት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከባልደረባ ወደ ባልደረባ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕመምተኛን በየቀኑ ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ማጠብ የይስሙላ ሥራ ነው፤ ኢንፌክሽን የሚገባው በእጅና በቱቦ እንጂ በገላ አይደለም፤ ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ታየ የተባለው ጥቅምም የላቦራቶሪ ናሙና ብክለት መቀነስ ነው፤ ሞቅ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያን ያላምዳል፤ የተዳከመውን ሰው ይጎዳል፤ ለአፍ ማጠቢያነት ሲውል የነበረው ይኸው መድኃኒትም ከሚመከሩት ተርታ ወጥቷል። ስለዚህ እጥበቱ ይቅርና ጉልበቱ ለእጅ ንጽሕና ይዋል ይላሉ ጸሐፊው።

ጽሑፉ በቁም ነገር የተጻፈ ነው። የጠቀሷቸው ጥናቶች በእርግጥ የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥሮቹንም አላጣመሙም። እኔ የማልስማማው ከድምዳሜያቸውና፣ ከድምዳሜያቸውም በፊት ሳይናገሩ ከያዙት መነሻ ጋር ነው። እርሳቸው እጥበትን የሚያዩት እድፍ እንደ ማስለቀቅ ነው። በክሎርሄክሲዲን የሚደረግ እጥበት ግን መድኃኒት መስጠት ነው። መጠን አለው፤ መድረስ ያለበት ቦታ አለው፤ ቆዳ ላይ መቆየት ያለበት ሰዓት አለው፤ ኃይሉን የሚያመክንበትም ነገር አለ። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ከዚህ አንጻር ሲታዩ መልካቸው ይለወጣል።

ከእጅና ከቱቦ ልጀምር። ወደ ማዕከላዊ የደም ሥር የገባ ካቴተር ቆዳን በስቶ ያለፈ ቧንቧ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባክቴሪያ ወደ ደም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመግቢያው ዙሪያ ካለው ቆዳ ተነሥቶ የቱቦውን ውጫዊ ገጽ እየተከተለ ነው። ካቴተሩ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መድኃኒት በሚሰጥበት ጫፍ በኩል፣ በእጅ ንክኪ የሚገባው ይበዛል። ያ እጅ ባክቴሪያውን ከየት አመጣው? ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከሕመምተኛው ገላ፣ አለዚያም ጎረቤት አልጋ ላይ ከተኛው። ለቀናት የተኛ ሰው ብብቱና ብሽሽቱ ከአንጀቱ በወጡና ከክፍሉ በተቀበላቸው ባክቴሪያዎች ይሸፈናል። ከእርሱም ወደ አንሶላው፣ ወደ አልጋው ብረት፣ ወደ ደም ግፊት መለኪያው መጠቅለያ ይሻገራል። እጇን በአልኮል አሽታ የገባች ነርስ አንሶላውን ስታቃና እጇ መልሶ ይበከላል። ስለዚህ ገላው ምንጭ፣ እጁ መንገድ ነው፤ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማቅረብ አያስኬድም።

ጸሐፊው ለእጅ ንጽሕና ምስክር አድርገው ያቀረቡት፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተሠራው ሥራም ለእኔ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ያ ጥናት ከ103 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሰበሰበ መረጃ ይዞ፣ ከካቴተር ጋር የተያያዘ የደም ኢንፌክሽን መካከለኛ ልኩ በ1,000 የካቴተር ቀናት (አንድ ሕመምተኛ ካቴተር ይዞ የቆየበት እያንዳንዱ ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል) ከ2.7 ወደ ዜሮ መውረዱን አሳየ። የተሠራባቸው አምስት ነገሮች እጅ መታጠብ፣ ካቴተር ሲገባ ሙሉ መከላከያ መልበስና ማልበስ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ የብሽሽት ደም ሥርን መተውና የማያስፈልግ ካቴተርን ማውጣት ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ካቴተሩ በሚገባበት ደቂቃ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳትን ጸሐፊውም አይቃወሙም። ካቴተሩ ግን አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆያል፤ ቆዳው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ተመልሰው ለመራባት ያን ያህል ጊዜ አያስፈልጋቸውም። በመጀመሪያው ቀን አስፈላጊ የሆነው ነገር በአራተኛው ቀን የይስሙላ የሚሆንበትን ምክንያት ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ወደ ጥናቶቹ መጋጨት። ጸሐፊው በአንድ በኩል የ2013ን፣ በሌላ በኩል የ2015ን ጥናት አቁመው፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም ስላሉ ማስረጃው ተጣፍቷል ይላሉ። ጥናቶች ግን እንደ ጨዋታ ነጥብ እርስ በርስ አይጣፉም፤ ማን ምን ለካ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው በስድስት ሆስፒታሎች ባሉ ዘጠኝ ክፍሎች 7,727 ሕሙማንን ያካተተ ነው። ሁለት በመቶ ክሎርሄክሲዲን ባለው ጨርቅ የታጠቡት፣ መድኃኒት በሌለው ጨርቅ ከታጠቡት ጋር ተነጻጸሩ። በሆስፒታል የተያዘ የደም ኢንፌክሽን በ1,000 የሕሙማን ቀናት ከ6.60 ወደ 4.78 ወረደ፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን መያዝም ከ6.60 ወደ 5.10። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በ43 ሆስፒታሎች በሚገኙ 74 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከ74,000 በላይ ሰዎችን ተከታተለ። ሁሉንም ሕመምተኛ በየቀኑ በክሎርሄክሲዲን ማጠብ፣ ለአምስት ቀን አፍንጫ ውስጥ ከሚቀባ ሙፒሮሲን ከተባለ ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ጋር፣ የደም ኢንፌክሽንን በ44 በመቶ ቀነሰ። በአጥኚዎቹ ስሌት አንድ የደም ኢንፌክሽን ለመከላከል 54 ሰዎችን እንዲህ ማከም ይበቃል። የሙፒሮሲኑ ድርሻና የእጥበቱ ድርሻ በዚህ ጥናት አይለይም፤ ይህን ጸሐፊው አንሥተዋል፣ ልክም ናቸው። ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ ቺካጎ ውስጥ በ836 ሕሙማን ላይ የተሠራው ግን ሙፒሮሲን አልነበረበትም። እዚያም የደም ኢንፌክሽኑ በ1,000 የሕሙማን ቀናት በሳሙናና ውኃ ከታጠቡት 10.4 ሲሆን በክሎርሄክሲዲን ከታጠቡት 4.1 ነበር።

የ2015ቱስ? በአሜሪካ ናሽቪል በአንድ ሆስፒታል አምስት ክፍሎች 9,340 ሕሙማን ተካፍለው ልዩነት አልታየም፤ 2.86 ለ2.90። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቁጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልነገሩንም። የተለካው አራት ነገር በአንድ ተደምሮ ነው፦ የካቴተር የደም ኢንፌክሽን፣ ከሽንት ካቴተር ጋር የተያያዘ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር የተያያዘ የሳንባ ምችና በክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚመጣ ተቅማጥ። ክሎርሄክሲዲን የባክቴሪያ ዘር፣ ማለትም ስፖር፣ አይገድልም፤ ስለዚህ ተቅማጡን ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም። ደረትን በጨርቅ መጥረግ ሳንባ ውስጥ ያለ ምችን የሚከላከልበት መንገድም ሩቅ ነው። የቆዳ እጥበት በቀጥታ ሊነካው የሚችለው የካቴተሩ የደም ኢንፌክሽን ስንት ነበር? በክሎርሄክሲዲን በታጠቡበት ወቅት አራት፣ መድኃኒት በሌለው ጨርቅ በታጠቡበት ወቅትም አራት። በ9,340 ሰዎች መካከል አራት ለአራት! ቀድሞውኑ ሊጠፋ ምንም ያልቀረው ነገር በምን ያህል ሊቀንስ ይችላል? ሆስፒታሉ ሌላውን የመከላከል ሥራ አጥብቆ የያዘ ነበርና ለእጥበቱ የተረፈው ቦታ ጠባብ ነበር። ለሚዛናዊነት ያህል፣ በዚያ ጥናት አጠቃላይ የደም ኢንፌክሽንም አልቀነሰም። ይህ እኔንም ያስጠነቅቃል፤ ኢንፌክሽኑ እጅግ ዝቅ ባለበት ክፍል የእጥበቱ ትርፍ ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። «አይሠራም» ከማለት ግን ይህ በጣም ይርቃል።

በ2019 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ስምንት ጥናቶችን መርምሮ የማስረጃው እርግጠኝነት በጣም ዝቅተኛ ነው ማለቱ እውነት ነው። ዝቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነርሷ የያዘችውን ጨርቅ ማወቋ ነው፤ ይህ በእጥበት ጥናት ለማስወገድ አስቸጋሪ የሆነ ነገር ነው። ጸሐፊው ግን «እርግጠኛ አይደለንም» የሚለውን ቃል ይዘው ገብተው «ጥቅም የለውም» የሚለውን ይዘው ወጡ። በመካከሉ የሆነውን አላየሁም።

በሕጻናት ላይ የተሠራውን ጥናት ጸሐፊው ሳይነኩት ማለፋቸው ቆጭቶኛል፤ ነገሩን ከሁሉ የሚያብራራው እርሱ ነበርና። በ2013 የታተመ ሲሆን ዕድሜያቸው ከሁለት ወር በላይ የሆነ ሕጻናት የተኙባቸውን አሥር ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ያካተተ ነው። እንዲታጠቡ የተመደቡት ሁሉ ሲቆጠሩ፣ ያልታጠቡትም ጭምር ማለት ነው፣ የደም ኢንፌክሽኑ ከ4.93 ወደ 3.52 ቢወርድም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም። በእርግጥ የታጠቡት ብቻ ሲታዩ ግን 3.28 ሆነ፤ ልዩነቱም ጸና። እንዲህ ያለው ሁለተኛ ስሌት የራሱ አድልዎ ሊኖረው ይችላልና ብቻውን አልመካበትም። አቅጣጫው ግን ከመነሻዬ ጋር ይገጥማል፤ ወረቀት ላይ የታጠበና አልጋ ላይ የታጠበ ሕመምተኛ አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ የናሙና ብክለት። ጸሐፊው የቀነሱት ኢንፌክሽኖች ብዙዎቹ ኮአጉሌዝ አልባ የሚባሉት የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ዓይነቶች መሆናቸውን ይጠቅሳሉ። እነዚህ የቆዳ ነዋሪዎች ናቸው፤ ደም ሲቀዳ መርፌው ከቆዳ ይዟቸው ይገባና የደም ካልቸር ላይ (ከደም ናሙና ባክቴሪያ በማብቀል የሚደረግ ምርመራ ነው) በሐሰት ይበቅላሉ፤ ታዲያ ቆዳው ሲጸዳ የቀነሰው ሐሰተኛው ውጤት ነው ይላሉ። ብልህ ክርክር ነው፤ ከፊሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሠራበት የምርመራ መስፈርት አንድ ካልቸር ስላበቀለ ብቻ ኢንፌክሽን ብሎ አይቆጥርም፤ በተለያየ ጊዜ የተቀዱ ሁለት ናሙናዎች ያንኑ ባክቴሪያ ማሳየት አለባቸው። ደግሞስ ሐሰተኛው ውጤት ቢቀንስ ምን ጉዳት አለው? አንድ የተበከለ ካልቸር ማለት ቫንኮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተጀመረ፣ ኩላሊት ለአላስፈላጊ አደጋ ተጋለጠ፣ የሚሠራ ካቴተር ተነቅሎ ሌላ ተተከለ፣ ቆይታው ረዘመ ማለት ነው። ይህን የሚያስቀር ነገር ለሕመምተኛው ጥቅም አይደለም ብሎ መጻፍ ይከብዳል።

ሳሙናና ሞቅ ያለ ውኃ ይበቃል የሚለው ነጥብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ነው፤ ጸሐፊው የውኃውን ሙቀት ሲያወሱ ውኃው የሚቀዳበትን ሳፋ አለማየታቸው። ሳፋውን አንድ ቀን ተከታተሉት። ጠዋት ፊትና ደረት ይታጠብበታል፤ ቀጥሎ በዚያው ውኃ ብብት፣ ብሽሽት፣ መቀመጫ። ያ ውኃ የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ይደፋል። ሳፋው ለቅለቅ ተደርጎ፣ ውስጡ ርጥብ እንደሆነ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ የሎሽን ጠርሙስና የተረፉ ጨርቆች ይቀመጡበታል፤ ሲያስፈልግ ትውከት መቀበያም ይሆናል። በነጋታው እንደገና ውኃ ይሞላበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ከሦስት ሆስፒታሎች 92 ሳፋዎች ተመርምረው 98 በመቶዎቹ ባክቴሪያ አብቅለዋል። በዚህ ዕቃ የሚታጠብ ሰው ብሽሽቱ ላይ የነበረው አንገቱ ላይ ወዳለው ካቴተር መጓጓዣ አገኘ ማለት ነው።

የተደፋው ውኃም ነገር አለው። ቶሮንቶ ውስጥ ከ2004 እስከ 2006 በቆየ ወረርሽኝ መድኃኒት የተላመደ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ 36 ሕሙማንን ያዘ፤ ምንጩ የእጅ መታጠቢያዎቹ የፍሳሽ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ቀዳዳው ላይ እየወደቀ ቢያንስ አንድ ሜትር ድረስ ይረጭ ነበር፤ መድኃኒት የሚዘጋጅበት ቦታም እዚያው አጠገብ ነበር። የገላ እጣቢ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ መድፋት ለባክቴሪያው ስንቅ ማቀበል ነው። እንግዲህ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሙናና ውኃ ጉዳት የለሽ መነሻ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። ክሎርሄክሲዲን የማያገኝ ክፍል እንኳ ሳፋውን ትቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ርጥብ ጨርቅ ቢጠቀም፣ ለእያንዳንዱ የገላ ክፍል አዲስ ጨርቅ ቢያነሣ፣ እጣቢ ካለም ለቆሻሻ ፍሳሽ በተለየ ቦታ ቢደፋ ብዙ ያተርፋል።

ስለ መላመድ የተነሣው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ እንዲያውም ጸሐፊው ካቀረቡት የጠነከረ ማስረጃ ልጨምርላቸው። ለንደን ውስጥ በአንድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ክሎርሄክሲዲንን መሠረት ያደረገ ሥራ ሲጀመር ሜቲሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የማይበግራቸው ስታፊሎኮከሶች በአብዛኛው ሲቀንሱ፣ መድኃኒቱን ከሕዋሱ የሚያስወጣ ዘረ መል የተሸከመ አንድ ዝርያ ግን አልቀነሰም፤ ይህ በ2010 ታትሟል። በ2017 ደግሞ ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ክሎርሄክሲዲንን ሲለምድ የመጨረሻ መጠጊያ የሆነውን ኮሊስቲን የተባለ መድኃኒት ጭምር ሊለምድ እንደሚችል ታየ። ታዲያ መድኃኒቱን እንተው? ሁለት በመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 20,000 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ ጨርቁ ውስጥ ያለው መጠን ስታፊሎኮከስን ለማቆም ከሚበቃው በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አደገኛው ሁኔታ ቆዳ ላይ ጥቂት ብቻ ሲቀር ነው፤ ጥቂት የሚቀረው ደግሞ ቸኩሎ በማጠብ፣ ቦታ በመዝለልና በማለቅለቅ ነው። ከዚህ የሚከተለው እጥበቱን በትክክል ማድረግ፣ መድኃኒቱን የተላመዱትን ዝርያዎች በላቦራቶሪ መከታተልና ለማያስፈልገው ሰው አለመስጠት ነው። ለማን እንደሚያስፈልግም ፍንጭ አለ፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ በ53 ሆስፒታሎች የተሠራውና በ2019 የታተመው ጥናት በጠቅላላው ሕሙማን ላይ ጥቅም አላሳየም፤ ማዕከላዊ ካቴተርና መሰል መሣሪያ በተገጠመላቸው ላይ ግን በደም ውስጥ ባክቴሪያ መገኘት በ32 በመቶ ቀንሶ ታየ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ መሣሪያ ያልተገጠመለት ሰው ጥቂት ነው።

ጉዳት ያስከትላል የሚለውን ባጭሩ ላንሣው። ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ብርቅ ቢሆንም ይከሰታል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 አስጠንቅቋል። አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ መድኃኒት አይታጠብም፣ አበቃ። ዓይንና ጆሮ ስለሚጎዳ ከመንጋጋ በላይ አይነካም። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕጻናት ቆዳ ሊቃጠል ይችላል። ደም ግፊቱ በመድኃኒት ተደግፎ የቆመ ሰው ሲገላበጥ ሊወርድበት፣ ኦክስጅኑም ሊያንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ያለው ገላ ብቻ ተጠርጎ ጀርባው ይቆያል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ቀስቅሶ ማጠብን ግን ጸሐፊው እንደተቃወሙት እኔም እቃወማለሁ። ያ ለክፍሉ የሥራ ክፍፍል እንጂ ለሕመምተኛው የተመረጠ ሰዓት አይደለም።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው፣ እጅ ላይ ያለው ሥራ ነው። ጨርቁን የያዘችውን ነርስ ተመልከቷት። ደረቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን በደንብ ትጠርጋለች። አንገት ላይ ስትደርስ የመተንፈሻው ቱቦ ማሰሪያ አለ፣ የካቴተሩ ፕላስተር አለ፤ እንዳይነቀልባት ፈርታ ሁለት ጣት ያህል ርቃ ታልፋለች። የአንገት ካቴተር የሚገባው ግን በትክክል እዚያ ነው። ቆዳ ላይ የቀረው ክሎርሄክሲዲን ሲለካም አንገት ዝቅተኛው ሆኖ ተገኝቷል። በፕላስተሩ ላይና ዙሪያውን፣ ከገላ በወጣው ቱቦ ላይም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መጥረግ ይቻላል፤ ይህን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ቆዳው ተጣበቀ ብላ በፎጣ ታደርቀዋለች ወይም በውኃ ታለቀልቀዋለች፤ ይህ የዓይን ጠብታ አድርጎ ወዲያው ዓይንን እንደ መታጠብ ነው፤ መድኃኒቱ ለሰዓታት የሚሠራው ቆዳው ላይ ሲቀር ነውና። በመጨረሻ ቆዳው እንዳይደርቅ አስባ ሎሽን ትቀባለች። ብዙ ሳሙናዎችና ሎሽኖች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸው ናቸው፤ አዎንታዊ ሙሌት ያለውን ክሎርሄክሲዲን ይዘው ኃይሉን ያመክኑታል። ፈሳሹን በጥጥ ጨርቅ ነክሮ ማጠብም ችግር አለው፤ ጥጥ መድኃኒቱን ለራሱ ይይዛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ቅጹ ላይ «ታጥቧል» ተብሎ ምልክት ይደረጋል። ጸሐፊው በክፍላቸው ያዩት ውጤት አልባ እጥበት እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ባዩት ነገር አልከራከራቸውም።

የቀረው የአፍ ማጠቢያው ነው። ጸሐፊው እንዳሉት፣ በክሎርሄክሲዲን አፍ ማጠብ የሳንባ ምችን ለመከላከል ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ከሞት መጨመር ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ሥጋት ተነሣበት። የአሜሪካ የጤና እንክብካቤ ኤፒዲሚዮሎጂ ማኅበርና አጋሮቹ በ2022 ባወጡት መመሪያ በጥቅሉ የማይመከር ተብሎ ተመድቧል፤ ጥርስ መቦረሽ ግን ይመከራል። እነዚሁ ማኅበራት በዚያው ዓመት ስለ ካቴተር የደም ኢንፌክሽን ባወጡት ሌላ መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ወር በላይ የሆነ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕመምተኞችን በክሎርሄክሲዲን ማጠብን ከመሠረታዊ ተግባራት መካከል አስቀምጠውታል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን መመሪያ ጠቅሰው ሁለተኛውን ትተዋል።